ቋሚ ፍሰት ወይስ ተለዋዋጭ ፍሰት? ድሬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ የምህንድስናና የፊዚክስ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። በየዓመቱ አንድ ርዕስ ላይ ሲደናቀፉ አያለሁ። ቋሚና ተለዋዋጭ ፍሰት፤ በክፍል ውስጥ ስቴዲ ፍሎው እና አንስቴዲ ፍሎው የሚባለው ነው። ትርጉሙን በቃላቸው ይወጡታል። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ አቁሜ "ይሄኛውስ የትኛው ነው?" ስላቸው ግን ይምታታባቸዋል። ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። መልሶቹ እኩል አይረዝሙም። አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል። የደቻቱ ጉዳይ ግን እንዲያ የሚታለፍ አይደለም።

ልዩነቱ በአጭሩ ምንድን ነው?

አንድ ቦታ ቁሙ። ሰዓት ያዙ። ዓይናችሁን ከአንድ ነጥብ ላይ አትንቀሉ። በዚያ ነጥብ ላይ የውሃው ፍጥነት፣ አቅጣጫ፣ ግፊትና እፍግታ (በአንድ መጠን ቦታ ውስጥ ያለው ክብደቱ) አሁንም ከአሥር ደቂቃ በኋላም ያው ነው? በሌሎቹ ነጥቦችም ሁሉ እንደዚያው ነው? እንግዲያው ፍሰቱ ቋሚ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ጊዜ በሄደ ቁጥር ከተቀያየረ ፍሰቱ ተለዋዋጭ ነው።

ልብ በሉ፣ የምትከታተሉት ነጥቡን እንጂ ውሃውን አይደለም። በነጥቡ ላይ በየሰከንዱ የሚያልፈው ውሃ ሌላ ነው። አዲስ መጪው ግን የቀደመው ያደረገውን ይደግማል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ይህን ከመርሳት ነው።

"ቋሚ" ሲባል ረጋ ያለ ማለት ነው?

አይደለም። አንዳንድ ሰው "የረጋ ፍሰት" ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ ይህን ቃል ለተማሪ አልመክርም። ረጋ ሲባል ትዝ የሚለን እርጎ ነው፤ ወይም ረጋ ያለ ሰው። ፍሰት ግን እያገሳም ቋሚ ሊሆን ይችላል። ፓምፕ ለአንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ኃይል ሲገፋ፣ በወፍራም ቱቦ የሚወጣው ውሃ ጆሮ ያደነቁራል። እሱ ቋሚ ፍሰት ነው። ውሃ ሊሄድ ሲል ደግሞ ከቧንቧው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ የሚወርደው ድምፅ እንኳ የለውም። እሱ ተለዋዋጭ ነው።

"ቋሚ" የሚለውም ቃል ቢሆን ውሃው የቆመ ያስመስላል። ውሃው አልቆመም። ያልተለወጠው የፍሰቱ መልክ ነው። ጠዋት ፎቶ አንስታችሁ፣ ከሰዓት ደግሞ ያንኑ ቦታ ብታነሱና ሁለቱን መለየት ቢያቅታችሁ፣ ያ ነው ቋሚ ፍሰት።

ወጥ ፍሰት የሚባለውስ? ከቋሚ ጋር አንድ አይደለም?

ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ቋሚ ወይም ተለዋዋጭ ስንል ስለ ጊዜ እያወራን ነው። ወጥ ወይም ወጥ ያልሆነ ስንል ስለ ቦታ ነው። ሁለቱ ለየብቻቸው የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው።

ረጅም፣ ቀጥ ያለና ውፍረቱ አንድ የሆነ ቧንቧ ውስጥ ውሃው ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲሄድ ቋሚም ወጥም ነው። ያው ውሃ ወደ ቀጠነ ቧንቧ ሲገባ ቋሚነቱ እንዳለ ነው። ወጥ ግን አይደለም፤ ቀጭኑ ጋ ይፈጥናል። ቀጥ ያለውን ቧንቧ ቫልቭ እየከፈታችሁ ባላችሁበት ቅጽበት ብታዩት ደግሞ ሌላ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍጥነቱ እኩል ነው፤ በየሰከንዱ ግን ይጨምራል። ወጥ ነው፣ ቋሚ አይደለም። በቦታም በጊዜም የሚለወጠው አራተኛው ጎርፍ ነው።

ፍሰቱ ቋሚ ከሆነ ውሃው እንዴት ሊፈጥን ይችላል?

የደንገጎን ቁልቁለት አስቡት። ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርድ መኪና ሁሉ ጠመዝማዛው ላይ ይቀዘቅዛል፤ ቀጥታው ጋ ሲደርስ ይለቀዋል። እንበልና ሁሉም መታጠፊያው ላይ በሰዓት 20፣ ቀጥታው ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል። መታጠፊያው ላይ ቁጭ ብሎ የሚመዘግብ ልጅ ቀኑን ሙሉ 20፣ 20፣ 20 ይጽፋል። ቀጥታው ላይ ያለው ልጅ 50፣ 50፣ 50 ይጽፋል። የሁለቱም ደብተር ላይ ምንም ለውጥ የለም። መኪናው ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ግን ፍሬን ሲያዝ ወደፊት፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወደኋላ ይገፋል።

ውሃም እንዲሁ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ቱቦ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር አፍ ሲገባ መተላለፊያው በአራት እጥፍ ይጠባል። ስለዚህ በሰከንድ 1 ሜትር የመጣው ውሃ በሰከንድ 4 ሜትር ይወጣል። እያንዳንዷ የውሃ ጠብታ ፍጥነት ጨምራለች። ፍሰቱ ግን ቋሚ ነው፤ ምክንያቱም አፉ ላይ ሁሌም 4፣ ቱቦው ውስጥ ሁሌም 1 ነው።

ፍጥነት የሚለወጠው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጊዜው ስለተለወጠ ነው። ሌላው ውሃው ወደ ሌላ ቦታ ስለደረሰ ነው። በቋሚ ፍሰት ዜሮ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሊዮናርድ ኦይለር በ1757 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፈሳሾች እኩልታ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ። ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ የምናየው እሱኑ ነው።

ፈተና ላይ ቀመር ቢሰጠኝ በምን ልለየው?

ጊዜን ፈልጉት። "ፍጥነት = 3 × ርቀት" ከተባለ ጊዜ የለበትም፤ ቋሚ ነው፣ ወጥ ግን አይደለም። "ፍጥነት = 4 × ጊዜ" ከሆነ ርቀት የለበትም፤ ወጥ ነው፣ ቋሚ ግን አይደለም። "3 × ርቀት × ጊዜ" ከሆነ ሁለቱንም አይደለም። በቃ።

ቋሚና ላሚናር አንድ ናቸው? ተርቡለንትስ ሁልጊዜ ተለዋዋጭ ነው?

አንድ አይደሉም። ላሚናር ማለት ውሃው በንብርብር፣ ሳይተራመስ የሚሄድበት ፍሰት ነው። ተርቡለንት የሚተራመሰው ነው። ኦዝበርን ሬይኖልድስ በ1883 እ.ኤ.አ. በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀጭን ቀለም እየለቀቀ ይህን ልዩነት አሳየ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቁጥር (ፍጥነትን፣ የቧንቧ ስፋትንና የፈሳሹን ዝልግልግነት የሚያነጻጽረው) በክብ ቧንቧ ውስጥ ከ2,300 ገደማ ካለፈ ፍሰቱ መተራመስ ይጀምራል።

2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የቤት ቧንቧ ውሃ በሰከንድ 1 ሜትር ሲሄድ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ20,000 በላይ ነው። በዚህ ቧንቧ ውስጥ ላሚናር ፍሰት ለማግኘት ፍጥነቱን በሰከንድ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማድረስ አለባችሁ። ስለዚህ ቤታችን የምንከፍተው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሌም ተርቡለንት ነው።

ጠንከር ያለው ጥያቄ እዚህ ይመጣል። የተተራመሰ ውሃ በአንድ ነጥብ ላይ ፍጥነቱ በየቅጽበቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በጥብቅ ትርጉም ካየነው ተለዋዋጭ ነው። መሐንዲሶች ግን አማካዩን ይወስዳሉ። የአንድ ደቂቃ አማካይ ከሚቀጥለው ደቂቃ አማካይ ጋር እኩል ከሆነ "ቋሚ ነው" ብለው ይሠራሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ቆጣሪውም፣ በርሜሉም፣ የውሃ ሂሳቡም የሚያውቁት አማካዩን ነው።

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሲጎድል ፍሰቱ የትኛው ነው?

ተለዋዋጭ። ውሃው በጎደለ ቁጥር ከላይ የሚጫነው ይቀንሳል፤ የሚወጣውም ይደክማል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ሮቶው ሲሞላ ባልዲው ቶሎ ይሞላል። መጨረሻው ላይ ጠብቅ፣ ጠብቅ ነው።

በቁጥር እንየው። ሮቶው ክብ ይሁን፤ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የውሃው ከፍታ 1.2 ሜትር። ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ አለው። ሰበቃን ለጊዜው እንተወው። መጀመሪያ ላይ ውሃው የሚወጣው በሰከንድ 4.85 ሜትር ነው። ከፍታው ሩብ ሲቀር ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው። ቶሪቼሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ተማሪ "ፍሰቱ ቋሚ ነው" ብሎ በመጀመሪያው ፍጥነት ቢያሰላ፣ ሮቶው በ618 ሰከንድ ባዶ ይሆናል ይላል። 10 ደቂቃ ከትንሽ። እውነተኛው መልስ 1,237 ሰከንድ ነው። 20 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ። ልክ እጥፍ። ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ዕቃ ከሆነ፣ ሮቶም ይሁን ጀሪካን፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ስህተቱ ሁሌም እጥፍ ነው። ይህን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳገኘው ደብተሬን ደጋግሜ ነበር ያየሁት።

ታዲያ በዚህ ስሌት ውስጥ ቋሚ ፍሰት ጨርሶ አይጠቅምም? ይጠቅማል። የውሃው ገጽ የሚወርደው በሰከንድ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀስ ያለ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰከንድ ለብቻው ቋሚ አድርገን ወስደን፣ ሰከንዶቹን አንድ ላይ እንደምራለን። 1,237 የመጣውም እንዲህ ነው። ለውጡ ከፍሰቱ አንጻር በጣም ቀርፋፋ ሲሆን ይህ ዘዴ ይሠራል። ለውጡ ፈጣን ሲሆን ግን ያሳስታል፤ ቀጣዩ ጥያቄ ስለዚያ ነው።

ቧንቧ በፍጥነት ስዘጋ ግድግዳው ውስጥ ለምን "ጓ" ይላል?

በቧንቧው ውስጥ የሚመጣው ውሃ ክብደት አለው። በድንገት ስትዘጉበት የፊተኛው ይቆማል፤ የኋለኛው ገና አልሰማም። መጥቶ ይጋጫል። ግፊቱ ይዘላል። ያ የግፊት ዝላይ እንደ ድምፅ ሞገድ ወደኋላ ይሮጣል፤ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1,200 ሜትር አካባቢ። መጨረሻው ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። የምትሰሙት እሱን ነው። የውሃ መዶሻ ይባላል።

ኒኮላይ ጁኮቭስኪ በ1898 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ይህን በቀመር አስቀመጠው። የግፊት ጭማሪው እፍግታ ሲባዛ በሞገዱ ፍጥነት፣ ሲባዛ በተቋረጠው የውሃ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በድንገት ሲቆም ጭማሪው 12 ባር ገደማ ይሆናል። 120 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ተጭኖታል እንደማለት ነው። በቋሚ ፍሰት ስሌት ይህ ቁጥር ፈጽሞ አይወጣም። ስሌቱ የሚያውቀው ከመዝጋታችሁ በፊት ያለውንና ከዘጋችሁ በኋላ ያለውን ነው። ቧንቧው የሚሰበረው ግን በመሃሉ ባለው ቅጽበት ነው።

"በድንገት" ማለት ምን ያህል ነው? ሞገዱ ደርሶ እስኪመለስ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ። የ12 ሜትር የቤት ቧንቧ ከሆነ 0.02 ሰከንድ ነው። 10 ኪሎ ሜትር መስመር ከሆነ ግን ወደ 17 ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ በረጅም መስመር ላይ አሥር ሰከንድ ወስዶ የተዘጋ ቫልቭ እንኳ "በድንገት" ነው የተዘጋው። በእጁ ቀስ ብሎ የዘጋው ሰው የሚሰማው ግን እንዲህ አይደለም።

አንድ የማውቀው ግቢ ውስጥ መታጠፊያው ላይ ያለው ቧንቧ ሦስት ጊዜ ፈነዳ። ሁለት ጊዜ ወፍራም ቧንቧ ተገዝቶ ተቀየረ። ወጪው ያሳዝናል። መፍትሔው በስተመጨረሻ ነጻ ነበር፤ ትልቁን ቫልቭ የሚዘጋው ልጅ ቀስ እንዲል ተነገረው።

ሐረርን ደግሞ አስቡ። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውሃ የምታስመጣው ከድሬዳዋ አካባቢ ከርሰ ምድር ነው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ውሃው ያንን ሁሉ ሽቅብ በፓምፕ ይገፋል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ውሃው ግን ጉልበት ይዞ ትንሽ ወደላይ ይቀጥላል። ከፓምፑ ወዲያ፣ ውሃው በሚሄድበት በኩል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ውሃው እስኪበጠስ። ከዚያ ያ ሁሉ ውሃ ተመልሶ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሽቅብ የሚገፉ ረጅም መስመሮች ላይ ውሃን ወደኋላ የማያስመልስ ቫልቭና አየር የያዘ ታንክ የሚገጠመው። አየሩ እንደ ስፕሪንግ ግፊቱን ይቀበላል። ንድፉን የሚሠራ ሰው ፓምፑ ሲሠራ ያለውን ብቻ ካሰላ ግማሹን ሥራ አልሠራም።

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። እሱን የት እንመድበው?

መጋላ ነው ያደግሁት። ወደ ከዚራ የምሻገረው በደቻቱ ነበር። አሸዋው ላይ ኳስ ተጫውተናል። ፍየል ይነዳበታል፤ ሰው አቋርጦት ይሄዳል፤ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥም አለ። ለአሥር ወር ያየኸው አሸዋ ነገም አሸዋ ይመስልሃል። ሰው ሳያውቀው የሚሠራው ስሌት ይህ ነው፦ "አሁን እንዲህ ከሆነ፣ ቆይቶም እንዲህ ነው።" የቋሚ ፍሰት ግምት ማለት ነው። ደቻቱ ላይ ይህ ግምት ሰው ገድሏል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን አጣ። ድሬ ውስጥ ያንን ሌሊት የማያስታውስ አዋቂ ሰው የለም። ይህን ርዕስ ከሌሎቹ በላይ አጥብቄ የማስተምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራውን እንየው። ዝናቡ የሚወርደው ደጋው ላይ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆኑት ተራሮች። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ብዙ፣ መንገዱ አጭር። እታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ነጥብ ላይ ፍጥነቱም ጥልቀቱም ዜሮ ነው። ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ዜሮ መሆኑ ያበቃል። ከዚህ የበለጠ ተለዋዋጭ ፍሰት ለማግኘት ይከብዳል።

ጎርፉ ለምን እንደ ግድግዳ ይመጣል? ጥልቅ ውሃ ከስስ ውሃ ይፈጥናል። ፊት የሚመጣው ስስ ነው፤ አሸዋው ይጠጣዋል፣ ሰበቃው ያዘገየዋል። ከኋላ የሚመጣው ጥልቅ ስለሆነ ይደርስበታል። በላዩ ይደራረባል። ግንባሩ እየቆመ ይሄዳል። ስለዚህ "ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት ነው፣ ቶሎ እንሻገር" የሚለው ሰው ያየው የሰልፉን መጀመሪያ ነው።

ሌላም አለ። ወንዙ ውስጥ ቀድሞ ውሃ ካለ፣ አዲስ የመጣው ጭማሪ ከውሃው ከራሱ ይፈጥናል። ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ መውረጃ ጭማሪው የሚጓዘው በአማካዩ ፍጥነት 1.67 እጥፍ ገደማ ነው። ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢሄድ፣ ጭማሪው በሰከንድ 5 ሜትር ይመጣል። 9 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የጎርፍ ጫፍ በውሃው ፍጥነት ቢሰላ 50 ደቂቃ አለን ያሰኛል። ያለን ግን 30 ደቂቃ ነው። የጠፋው 20 ደቂቃ ልጆችን ቀስቅሶ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ነበር።

የድልድይ ግድግዳ ላይ የሚሰመረውም የውሃ ልክ እንዲሁ ያታልላል። ጎርፉ እየጨመረ እያለ 2 ሜትር ላይ ሲደርስና እየቀነሰ ሳለ 2 ሜትር ላይ ሲመለስ፣ የሚያልፈው ውሃ እኩል አይደለም። ሲጨምር የውሃው ገጽ ወደፊት የበለጠ ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ በዚያው ጥልቀት የበለጠ ውሃ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት የማኒንግ ቀመር (ከጥልቀትና ከተዳፋት የውሃውን ፍጥነት የሚያሰላው) ይህን አያሳይም፤ የተሠራው ለቋሚና ወጥ ፍሰት ነው። ለጎርፍ የሚሆነው ሴን ቬናን በ1871 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው እኩልታዎች ናቸው። ይከብዳሉ፤ በኮምፒውተር ነው የሚፈቱት። የጎርፍ ካርታና የማስጠንቀቂያ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ግን አቋራጭ የለውም።

ደጋው ሲጠቁር ከአሸዋው ውጡ። እንደ አስጠኚ ሳይሆን እንደ ድሬ ልጅ ነው የምለው።

አንድ ፍሰት ለአንዱ ሰው ቋሚ፣ ለሌላው ተለዋዋጭ ሊሆን ይችላል?

አዎ፤ ድሬ ደግሞ የባቡር ከተማ ናት። በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ደርሶ የተቆረቆረች። ሐዲዱ ዳር ቁሙ እንበል። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት አየሩ ጸጥ ያለ ነው። ሲያልፍ ነፋሱ ይመታችኋል፤ ካለፈ በኋላ አቧራውን ይዞ ይዞራል፤ ከዚያ ይበርዳል። ለእናንተ ተለዋዋጭ ነው። ባቡሩ ውስጥ መስኮት ዳር ለተቀመጠው ሰው ግን፣ ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሳይቀያይር እስከሄደ ድረስ፣ ከፊቱ የሚመጣው አየር ሁሌም በአንድ መልክ ነው የሚያልፈው። ለእሱ ቋሚ ነው። አየሩ ያው፣ ባቡሩ ያው። የተለየው የተመልካቹ ቦታ ነው። የአውሮፕላን ክንፍን የሚያጠኑ ሰዎች ከክንፉ ጋር ሆነው የሚያሰሉት ለዚህ ነው፤ ችግሩ በአንድ ደረጃ ይቀላቸዋል።

የሚመጣው ውሃ ቋሚ ሆኖ ሳለ ከድልድዩ ምሰሶ ጀርባ ለምን ይሽከረከራል?

ምሰሶው ራሱ ይረብሸዋል። ውሃው ምሰሶውን ዞሮ ሲያልፍ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ሽክርክሪት ይለቃል። ከፊት የገባው ቋሚ፣ ከኋላ የወጣው ተለዋዋጭ። 1 ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ምሰሶ ላይ በሰከንድ 2 ሜትር የሚመጣ ውሃ፣ ከአንድ ወገን በየ2.5 ሰከንዱ አንድ ሽክርክሪት ይለቃል። የመብራት ሽቦ በነፋስ የሚያፏጨውም በዚሁ ነው፤ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ ድምፅ ሆኖ ይሰማል።

ደም ስራችንስ?

ተለዋዋጭ። እጃችሁን አንጓ ላይ ያዙ፤ ትርታው እሱ ነው። ከልብ ርቆ ወደ ጥቃቅኖቹ ስሮች ሲደርስ ግን የግፊቱ መዋዠቅ ስለሚደክም ወደ ቋሚ ይጠጋል።

የጉድጓድ ውሃ ስንስብ የምናየው የትኛውን ነው?

ሁለቱንም፣ በተራ። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችን ሁሉም ያውቃል። ፓምፕ ሲነሳ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ መጀመሪያ ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ መውረዱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ የቆመ ይመስላል። ለቆመው ጊዜ ቲም በ1906 እ.ኤ.አ. ቀመር አወጣ። እየወረደ ላለው ደግሞ ቴይስ በ1935 እ.ኤ.አ. አወጣ። ጉድጓድ ሲፈተሽ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት እየሳቡ የሚለኩት የትኛው ላይ እንደደረሱ ለማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። በቀን የቆመ የሚመስል ደረጃ በዓመት ሲታይ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ሐረማያ ሐይቅ ከቀን ወደ ቀን ያው ሐይቅ ነበር። ገቢው ከወጪው እያነሰ ለዓመታት ቆየ፤ በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል፤ ደስ ይላል። ቋሚ ነው ስትሉ ግን ሁልጊዜ "በስንት ጊዜ ውስጥ?" ብላችሁ ጨምሩ።

የበርኑሊን ቀመር (ግፊትን፣ ፍጥነትንና ከፍታን የሚያያይዘውን) በተለዋዋጭ ፍሰት ላይ መጠቀም እችላለሁ?

መጽሐፉ ላይ ያለውን አጭሩን ቅርጽ አይቻልም። እሱ ለቋሚ፣ እፍግታው ለማይለወጥና ሰበቃው ለሚናቅ ፍሰት ነው። ለተለዋዋጭ ፍሰት የጊዜ ለውጡን የሚይዝ ተጨማሪ ቃል ያለው ቅርጽ አለ። ለሮቶው ግን አጭሩን ተጠቅመናል (የቶሪቼሊ ውጤት ከእሱ የሚወጣ ነው)፤ ለውጡ ቀርፋፋ ስለነበር።

ቤት ውስጥ በምን ልሞክረው?

ይህን የምወደው ጥያቄ ነው። ጠንከር ያለ ባዶ ሃይላንድ ፈልጉ። ከታቹ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጋለ ምስማር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብሱት። በጣታችሁ ደፍናችሁ ሙሉት። ክዳኑን ሳትገጥሙ ጣታችሁን አንሱ። ውሃው መጀመሪያ ርቆ ይወድቃል። ከዚያ እየቀረበ፣ እየቀረበ ይመጣል። በየ10 ሰከንዱ የወደቀበትን በኖራ ምልክት አድርጉ። ተለዋዋጭ ፍሰት ነው።

አሁን ክዳኑን ብሱና ስትሮ አስገቡበት። ዙሪያውን አየር እንዳያስገባ በማስቲካ ጥርቅም አድርጋችሁ ድፈኑ። የስትሮው የታችኛው ጫፍ ከቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። እንደገና ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ግጠሙ። ጣታችሁን አንሱ። አየር በስትሮው ወርዶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ውሃው ይጎድላል፤ የሚወድቅበት ቦታ ግን አይለወጥም። ምክንያቱም አሁን የሚወስነው የውሃው ከፍታ ሳይሆን የስትሮው ጫፍ ነው። እሱ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረው ፈረንሳዊው ማሪዮት ነው ይህን ዘዴ ያገኘው። የሚጎድል ዕቃ ይዛችሁ ቋሚ ፍሰት ሠራችሁ ማለት ነው።

አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ። የውሃው ገጽ ከስትሮው ጫፍ በታች ሲወርድ ውሃው እንደ መጀመሪያው ሙከራ መቅረብ ይጀምራል። ያቺን ሰከንድ መዝግቧት።